የመጣ ሰው የለም

ኑርዬ አራቱን ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ ያወጣቸው ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ነው። ከያዛቸው ዓሣዎች ሁሉ ሰባ ሰባ ያሉትን መርጦ፣ ሆዳቸውን አጽድቶ፣ ሁለቴ በጨው አሸቶ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቀለላቸውና በገመድ አሰራቸው። የቀረውን ለነጋዴ ሰጠ፤ በዋጋም አልተከራከረም። ከዚያ ገላውን ታጠበ፣ በዒድ ቀን ብቻ የሚለብሳትን ነጭ ጀለቢያ ለበሰ፣ በላይዋ ግራጫ ኮቱን ደረበ። ቁርስ አልቀመሰም። ጾመኛ ነበር።

ረመዳን አልነበረም። ጾሙም የራሱ አልነበረም። የልጁ ነው።

ልጁ ሀያ ኩዌት ሆስፒታል ተኝታ ሳለች በላከችለት የመጨረሻ የድምፅ መልእክት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «አባዬ፣ የአሥራ ሦስት ቀን የቀዷ ጾም አለብኝ። ረመዳን ላይ ማዳም ሥራ ይበዛል ብላ ያስፈታችኝ ነው። ሲሻለኝ እጾመዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብላው ነበር። አልተሻላትም። ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ጾም ኖሮበት ለሞተ ሰው የቅርብ ዘመዱ ይጾምለታል ብለው ሸኾቹ ሲነግሩት፣ ኑርዬ ሰኞ ሰኞና ሐሙስ ሐሙስ የልጁን ቀኖች አንድ በአንድ ይጾምላት ጀመር። ሐይቁ ላይ ፀሐይ አናቱን ስትመታው፣ ምላሱ እንደ ቅርፊት ሲደርቅ፣ «ይቺ ያንቺ ናት ሀያዬ» ይላል። ዛሬ አሥራ አንደኛዋ ነበረች።

ግን ዛሬ እንደ ሌሎቹ ቀናት አልነበረም። ሀያ ነፍሷ ስትወጣ እጇን ይዛ የነበረችው ነርስ ልትመጣ ነው።

ነርሷ ሞይራ ትባላለች፤ አየርላንድ ከሚባል አገር ኩዌት ሄዳ የምትሠራ ፈረንጅ ናት። ሀያ ከመሞቷ በፊት ለዚህች ሴት አንድ ዕቃና አንድ ቃል አደራ ሰጥታለች። «ለአባቴ፣ በእጁ» ብላ። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ቃሉ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። ሀያ የተቀበረችበትን ቦታ እንኳ የምታውቀው ነርሷ ብቻ ናት። ልጅቱን የላካት ኤጀንሲ ቢሮውን ዘግቶ ጠፍቷል፤ አሠሪዎቿ ስልክ አያነሡም። አንድ አባት ልጁ የቱ አፈር ሥር እንዳለች ሳያውቅ ሰባት ወር ሰግዷል፤ ፊቱን ወደ ቂብላ ባዞረ ቁጥር፣ በዚያው አቅጣጫ የሆነ ቦታ ናት ብሎ ከማሰብ በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

ሁለቱን ያገናኘቻቸው ሱረያ ናት። ሱረያ ኩዌት ከሀያ ጋር በአንድ ሕንፃ ለሌላ ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች፣ አሁን ሐይቅ ከተማ ሞባይል ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ናት። ሞይራ ላሊበላን ለማየት ስትመጣ ከአዲስ አበባ ደወለችላት። ደሴ አድራ በማግሥቱ ሐይቅ ላይ ትቆማለች። ኑርዬ ይህን ሲሰማ፣ «ቤቴ ትምጣ! በግ አርዳለሁ!» ብሎ ነበር። ሹፌሩ እንቢ አለ። መንገዱ ሳይዘጋ ወልድያ መግባት አለብኝ፣ ከአስፋልት ርቄ አልወጣም፣ ሐይቁ ዳር መዝናኛ አለ፣ አምስት ሰዓት እዚያ ጠብቁን፣ አለ።

«አባ፣ እርስዎ ቀድመው ገብተው ይቀመጡ» አለችው ሱረያ። «እኔ አለቃዬ እንደመጣ ሱቁን አስረክቤ እደርሳለሁ። እኔ እስክመጣ ብቻ ከወንበርዎ እንዳይነሡ።»

«ማን ያስነሣኛል?» አላት።

*

ያንን ዳርቻ ኑርዬ ያውቀዋል ማለት ያንሳል። አርባ ዓመት ጀልባውን ያሳረፈው እዚያ ነው። መረቡን የጠገነው እዚያ ዋርካ ሥር ነው። ሀያን ዋና ያስተማራት እዚያ ነው፤ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ «አባዬ፣ ዓሣው እግሬን ሳመኝ!» ብላ የጮኸችው። በኋላ ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ አጠሩ። ለዓሣ አጥማጆቹ ጭቃማው ወገን ተሰጣቸው። ልማት ነው ተባሉ። ልማት ነው ከተባለ በኋላ አፉን የሚከፍት ድሃ የት አገር አለ? ዝም ብለው ጀልባቸውን ወደ ጭቃው ጎተቱ።

በመዝናኛው በር ላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከላይ በአማርኛ «ሳያዙ መቀመጥ ክልክል ነው። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ከታች በእንግሊዝኛ የተጻፈው፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «እንኳን ወደ ውቡ ሐይቅ በደህና መጡ» ነው የሚለው። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ቀለም፣ አንድ ጸሐፊ። ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ክልከላው የሚያስፈልገው ለማን እንደሆነ፣ አቀባበሉ የሚገባው ለማን እንደሆነ አስቦ አልተጨነቀም፤ እጁ ራሱ ያውቀው ነበር።

ኑርዬ አማርኛውን ብቻ አነበበ። አራት ሰዓት ሊሆን ነበር።

ዘበኛው ሙላት ከአምባሰል ደጋ የወረደ፣ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። «እንዴት አደሩ አባ! ያንጠለጠሉት ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው። ለእንግዳ።»

«ይዞ መግባት አይቻልም። እኔ ጋ ይቆይልዎ።»

«ጥላ ላይ አድርገውማ፣ እንዳይሸት።»

«ኧረ እኔ ራሴ ይቺን ልብስ ከለበስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፣ ከዓሣው እኔ እብሳለሁ!» ሙላት ሳቀና ጥቅሉን አጥሩ ላይ ካለች ሚስማር ሰቀለው። ኑርዬ ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቃት የመጨረሻዋ ሳቅ ናት።

ገብቶ ከሁሉም ወንበር ዳር ያለችውን መረጠ። ከደሴ የመጡ ጎረምሶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይንጫጫሉ። ራቅ ብሎ፣ ዋርካው ሥር፣ ውሃው አፍ ላይ፣ አንዲት ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ፈረንጅ መሆኗን ከክንዷ አወቀ። እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ሰቅላለች። ጠረጴዛዋ ላይ ብርጭቆ የለም፣ ሰሐን የለም፤ ከመኪና ይዛ የመጣችው ግማሽ የተጠጣ የፕላስቲክ ውሃ ብቻ ቆሟል። ኑርዬ አያት፤ ዓይኑንም መለሰ። የእሱ እንግዳ በአምስት ሰዓት ነው የምትመጣው። ደግሞ ነርስ ሲባል እሱ በሐሳቡ ያየው ነጭ ጋዋን ነው እንጂ የሣር ባርኔጣ አልነበረም።

አስተናጋጁ መጣ። አሕመዲን የሚባል፣ ፊቱ ደስ የሚል ወጣት ነው። «አባ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ጾመኛ ነኝ ልጄ። ሰው እጠብቃለሁ።»

«ምነዋ በዚህ ወር? የምን ጾም?»

«የልጄን ነው የምጾመው።»

አሕመዲን አልገባውም። «የልጅ ጾም ይጾማል እንዴ? እኔማ የራሴንም በግድ ነው» ብሎ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳያዙ መቀመጥ አይቻልም አባ። ይቆጡኛል። አንዲት ሻይ ልጻፍብዎ?»

«ጻፍ። ሂሳቧ ይቺውና። ሻዩን ለፈለግኸው ስጠው፤ እኔ የምፈልጋት ወንበሯን ናት።» ኑርዬ ብሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ልቡ አላስችል አለውና ጠየቀ። «ልጄ፣ አንዲት ፈረንጅ ሴት ሰው የጠየቀች የለችም?»

ይህን ባይጠይቅ ኖሮ ምናልባት ይተዉት ነበር። ድሃ በአገሩ ወንበር ላይ መቀመጡን፣ ዋጋውን ከከፈለ፣ አንዳንዴ ይታገሡታል። ድሃ ስለ ነጭ ሰው ሲጠይቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወዲያው ስም ይወጣለታል።

ሥራ አስኪያጁ ታሪኩ ከጀርባ ነበር። የሆቴል አስተዳደር የተማረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ክፉም አልነበረም። ነገሩን የሚያስመርረው ይኸው ነው።

«ፈረንጅ ምን ያደርግልዎታል አባት?»

«እንግዳዬ ናት።»

«የእርስዎ እንግዳ?» ታሪኩ ከኮፍያው እስከ ላስቲክ ጫማው አየው። ጀለቢያዋ ንጹሕ ነበረች፤ እጆቹ ግን የዓሣ አጥማጅ እጆች ነበሩ። «ይኸውልዎ አባት፣ ባለፈው ሳምንት አንዱ እንዲሁ እንግዳ አለኝ ብሎ ገብቶ፣ የሐኪም ወረቀት ዘርግቶ ቱሪስት ሲለምን አገኘነው። ሰዎቹ ቅር ይላቸዋል።»

«እኔ አልለምንም። ዓሣ ይዤላት ነው የመጣሁት።»

«ሊሸጡላት?»

«ልሰጣት።»

ታሪኩ ፈገግ አለ፤ ልጅ ሲዋሽ ያየ ትልቅ ሰው ፈገግታ ነበረች። «እሺ። በውጭ ሆነው ይጠብቋት።»

«ሻይ አዝዣለሁ እኮ። ከፍያለሁ።»

«እዚህ ወንበር አናከራይም አባት።» ብሩን አንሥቶ፣ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት መለሰለት።

ልብ በሉ። ያላዘዘ አይቀመጥም ተባለ፤ አዘዘ። ያልከፈለ አይቀመጥም ተባለ፤ ከፈለ። ሕግ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ሕግ ግን አልነበረም። ከዚያ ሃያ እርምጃ ወዲያ፣ ምንም ያላዘዘች፣ ምንም ያልከፈለች፣ ውሃዋን ከውጭ ይዛ የገባች ሴት በሁለት ወንበር ተቀምጣለች፤ እንዲያውም አሕመዲን ፀሐይ እንዳይነካት ጃንጥላ አዙሮላታል። የማይገዛን ሰው የሚያስነሣው ሕግ መጀመሪያ ቆዳ ያያል፤ ኪስ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ በኑርዬ አፍ ላይ መጣ። «እሷስ?» ሊል ነበር። ዋጠው። በሰው እንግዳ ላይ ጣት መቀሰር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው።

ተነሣ።

*

ወደ በሩ ሲሄድ ትዝ ያለው ሀያ በኢሞ ደውላ ያወራችለት ነገር ነው። ኩዌት በሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ በወር አንዴ በምታገኘው የዕረፍት ቀኗ፣ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ገብታ አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ዘበኛ መጥቶ «ያልገዛ አይቀመጥም» ይላታል። ከጎኗ ሁለት ፈረንጆች ተቀምጠዋል፤ እነሱም አልገዙም። «አባዬ፣ እነሱን አላያቸውም እኮ! እኔን ብቻ ነው ያየኝ» ብላ ሳቀች፤ ስታለቅስ እንዳይሰማባት የምትስቀው ሳቅ ነበር።

ኑርዬ ያን ቀን ያጽናናት መስሎት፣ «የሰው አገር ነው ልጄ። ቻዪው። አገርሽ ስትገቢ ማን ያስነሣሻል?» አላት።

አሁን ይቺ ቃል ወደ ራሱ ተመለሰች። እንኳን አልሰማሽ ሀያዬ፣ አለ በልቡ። እንኳን አላየሽ።

ንግግሩን ከበሩ የሰማው ሙላት አፍሮ ጠበቀው። «አባ፣ አይዘኑብኝ። እዚያ ድንጋዩ ላይ አረፍ ይበሉ። ፈረንጇ ስትመጣ በዚህች በር ነው የምታልፈው፣ የት ትሄዳለች? እኔው እጠራዎታለሁ።»

ኑርዬ ከመንገዱ ማዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጥላ አልነበረም። ከደሴ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ ይቆጥራል፤ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ አህያ የጫነች ፒካፕ። ማንኛውም ነጭ መኪና ፍጥነቱን ቀነስ ሲያደርግ ብድግ ይላል፤ ሲያልፍ ይቀመጣል። አንድ የሰፈር ባጃጅ ሹፌር አየውና አንገቱን አወጣ።

«አባ ኑርዬ! ሐይቁን ትተው ጥበቃ ተቀጠሩ እንዴ?»

«ፈረንጅ እየጠበቅሁ ነው።»

«ወላሂ? ለእኔም ቪዛ ይጠይቁልኝ! ሾፌር ነው፣ ሚስት የለውም በሏት!» እየሳቀ አለፈ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስልኩን አውጥቶ ወደ ሱረያ ደወለ።

«አባ! መጣች?»

«ገና ነች።»

«አለቃዬ ደሴ ሄዶ አልተመለሰም፣ ሱቁን ለማን ልተወው? መጣሁ፣ መጣሁ። ወንበርዎ ላይ ነዎት አይደል?»

ኑርዬ የተቀመጠባትን ድንጋይ አየ። በሩን አየ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጁን በሞት ላጣ ሰው ይህ ምንድን ነው? ትንሽ ነገር ነው። ነገር ግን ይቺ ልጅ የሀያ ጓደኛ ናት፤ እሷም በዚያው አገር ስትባረር የኖረች ናት፤ አንቺን ከባዕድ አገር ወንበር እንዳስነሡሽ እኔን ከገዛ ዳርቻዬ አስነሡኝ ብሎ እንዴት ይንገራት? አፈረ። ማፈር የሚገባቸው እነሱ ነበሩ፤ ግን በዚህ ዓለም እንደዚያ አይሆንም፤ የሚያፍረው የተባረረው ነው።

«ተቀምጫለሁ» አለ።

ዋሸ ማለት አይቻልም። ድንጋይ ላይም ቢሆን ተቀምጧል። ግን በዚያች ቅጽበት እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሱረያ ሱቁን ቆልፋ ትበር ነበር፤ ከሱቋ እስከ መዝናኛው በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመዝናኛው በር ተከፈተ። ሙላት ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ። አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቀስ ብሎ ወጣ። ከኋላ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ያቺ ባለ ሣር ባርኔጣ ሴት ተቀምጣለች። ዓይኗ የቀላ መሰለ፤ ፀሐይ ይሆናል። መኪናው ወደ አስፋልቱ ለመውጣት ከኑርዬ ፊት ለፊት ለአፍታ ቆመ።

ኑርዬ ብድግ አለ። የሚሄድን እንግዳ ቁጭ ብለው አይሸኙም። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «በሰላም ያግባችሁ» አለ። ሴትየዋ አየችው። እሷም እጇን አነሣችለት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ምናልባትም ሁለት። ከዚያ መኪናው ወደ ወልድያ ታጠፈ፤ አቧራው ጀለቢያውን ሸፈናት።

አራገፋትና ተመልሶ ተቀመጠ። ዓይኑን ወደ ደሴ መንገድ መለሰ። እሱ የሚጠብቀው የሚመጣን ሰው ነበር፤ የሚሄደውን ምን ብሎ ይጠርጥር?

*

ሱረያ ስድስት ሰዓት ላይ ከባጃጅ ዘልላ ወረደች። ድንጋዩ ላይ ስታየው ደርቃ ቀረች።

«አባ! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ውጭ ጠብቅ አሉኝ። ገና አልመጣችም።»

«ማነው ውጭ ጠብቅ ያለ? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአራት ሰዓት ወዲህ።» ከዚያ ልትጮህ ስትል፣ «ተይ፣ ምንም አይደል። ዋናው እሷ ትምጣ» አለ።

ሱረያ ወደ ሙላት ዞረች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር። «ፈረንጅ ሴት ገብታ ነበር? ብቻዋን? ሹፌር ያላት?»

ሙላት መልሱን ከመናገሩ በፊት ፊቱ ተናገረው። «ስትገባ አላየሁም… ሥራ የገባሁት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ነበረች መሰለኝ። ባርኔጣ ያላት። አሁን… አሁን ወጣች እኮ።» ወደ ኑርዬ ተመለከተ። «አባ ቆመው ሸኟት።»

ኑርዬ ወደ ወልድያ መንገድ ዞረ። እጁ፣ ሰላምታ የሰጠባት ቀኝ እጁ፣ ቀስ ብላ ከደረቱ ወረደች። መቼ ደግሞ ወደዚያ እንደወጣች አላወቀም።

ሱረያ ገፍታ ገባች፤ ኑርዬም ተከተላት፤ አሁን ያስቆመው አልነበረም። አሕመዲን ሲያያቸው የያዘውን ትሪ አስቀመጠ።

«ያቺ ሴትዮ ማንን ጠየቀች?» አለችው ሱረያ።

«ወረቀት ነበራት» አለ አሕመዲን። «በእንግሊዝኛ ፊደል ኑርዬ የሚል። ዓሣ፣ አባት፣ እያለች በእጇ ታሳየኛለች። አምስት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ከዚያ ሩብ ላይ አንዴ። ሹፌሯም ከመኪናው ሆኖ ስልክ ሞክሮ አልሠራለትም። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት።»

ታሪኩ ከውስጥ መጥቶ ቆሞ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ወንበሮቹን አየሁ» አለ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ። «ኑርዬ የሚባል ሰው አላየሁም። የመጣ ሰው የለም አልኳት።»

«ስሙን ጠይቀኸው ነበር?» አለችው ሱረያ።

ታሪኩ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«ጠይቀኸው ነበር ወይ? ይህን ሽማግሌ ስታስወጣ ስምህ ማነው ብለኸው ነበር?»

«እኅቴ፣ እሱም እኮ አልነገረኝም… ደንብ አለን…»

«ደንብ!» ሱረያ ጮኸች። ከደሴ የመጡት ጎረምሶች ዞረው አዩ። «ደንባችሁን በር ላይ አንብቤዋለሁ! ሁለቱንም ቋንቋ አንብቤዋለሁ! እዚያ ሰባት ዓመት ከየወንበሩ ሲያስነሡኝ ዐረብ ነው፣ አያውቀኝም እያልኩ ቻልኩት። አንተስ? አንተ ምንድን ነህ? ሴትዮዋ ምን ገዛች? ንገረኝ፣ ምን ሸጥክላት?»

ታሪኩ መልስ ቢሰጥም የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ሱረያም ይህን ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው እየጮኸች እጇ ስልኳን የሚነካካው። የሹፌሩን ቁጥር ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም» የሚል የሴት ድምፅ መለሰላት። ደግማ ደወለች። ያችው ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ ያችው ቃል። መኪናው ይኼኔ የአምባሰልን ተራራ ግርጌ ይዞ ወደ ውጫሌ እየገሠገሠ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲፈቅድ ይመጣል። ለሞይራ በኢንተርኔት መጻፍ ፈለገች፤ ዳታ ከትናንት ጀምሮ የለም።

«ላሊበላ ስትደርስ እናገኛታለን አባ። ማታ እደውላለሁ። ነገም እደውላለሁ» አለች፤ እያለች ግን ታለቅሳለች። ሞይራ ከላሊበላ በአውሮፕላን እንደምትመለስ፣ በዚህ መንገድ ዳግመኛ እንደማታልፍ ታውቃለች። አደራውን በሌላ ሰው እጅ እንደማትልክም ታውቃለች፤ በስልክ ስትለምናት እንኳ «በእጁ ብላኛለች» ብላ የቃሏን ፊደል ሳትነግራት የቀረች ሴት ናት።

ኑርዬ አሕመዲንን በቀስታ ጠጋ አለው። «ልጄ፣ እጇ ላይ ምን ነበር?»

አሕመዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ ነበር አባ። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው ስትጠብቅ የነበረችው። ስትሄድም ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም። በእጇ ይዛው ነው የወጣች።»

«ምን ዓይነት ጨርቅ?»

«ልብ አላልኩም።»

«ቀለሙስ?»

«አላየሁም አባ። ወላሂ አላየሁም።» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ስሙን ስታሳየኝ እርስዎ ትዝ ብለውኝ ነበር። ዓሣ ስትል። የመጣ ሰው የለም ሲላት ግን አፌን ያዘኝ» አለ። «ሥራዬን ፈራሁ።»

ኑርዬ ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው ሰው አነቃነቅ ነበር። አልተቆጣውም። ቢቆጣው ይሻል ነበር።

ታሪኩ አንድ ወንበር ስቦ አመጣ፤ ዋርካው ሥር የነበረውን፣ ያቺ ሴት የተቀመጠችበትን። በመሐረቡ ጠረገው። «አባት፣ ይቀመጡ። እባክዎን። የፈለጉትን ይዘዙ፤ ምሳም ሻይም፣ በእኛ ሂሳብ። እስከፈለጉ ድረስ ይቀመጡ፣ የሚያስነሣዎት የለም።»

ሙላት የዓሣውን ጥቅል ይዞ ከበሩ መጣ። ፀሐይ ዞራበት ነበር። ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ዝንብ ወርሮታል። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆመ።

ኑርዬ አልተቀመጠም። የወንበሩን መደገፊያ በእጁ ያዘ፤ እንጨቱ ከፀሐይ ሞቋል። ሐይቁን አየ፤ ሀያ ወገቧ ድረስ የቆመችበትን ውሃ። ከዚያ ወደ አሕመዲን ዞሮ፣ እሱ በሌለበት ቤቱን ጎብኝቶ ስለሄደ እንግዳ እንደሚጠይቅ አባወራ ጠየቀ።

«የልጄን ዓይን የጨፈነች ሴት ናት። እስከ አገሬ መጣች። ምን ቀምሳ ሄደች?»

አሕመዲን ታሪኩን አየ፤ ታሪኩ መሬቱን።

«ምንም አልቀመሰችም አባ። የራሷን ውሃ ነው የጠጣች።»

«ምንም? ሁለት ሰዓት ሙሉ?»

«ምንም አላዘዘችም» አለ አሕመዲን። «እኛም አልጠየቅናትም።»

ሱረያ ስልኩን እንደገና ጆሮዋ ላይ አደረገች።